ጓዳው ጎማው ላይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 2 ቀን 2025

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ መንገሻ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ ወንድሜን ሳሚልኝ ብላለች። ልጅዎን ፀደንያን እርስዎ ይሳሙልኝ። ደብዳቤዎን ፎቶ አንስታ የምትልክልን እሷ ባትኖር፣ ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ወሬዎን የምንሰማበት መንገድ አልነበረንም።

ዛሬ የምጽፈው ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ቤት ገዝቻለሁ። አይደንግጡ፣ ጎማ ያለው ነው። ከፒክአፕ ኋላ የሚጎተት ትሬይለር፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከአሥር። አሮጌው ባለቤት የበሰበሰውን ሁሉ ነቅሎ ስለጣለው ውስጡ ወና ነው፤ ወለል፣ ግድግዳና ሁለቱ የጎማ ጉብታዎች ብቻ ቀርተዋል፤ የጉብታዎቹን ቦታና ልኬት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ ስለማያስቆሙ፣ ስፕሪንግፊልድ የሚኖረው ጓደኛችን ወልደአምላክ ግቢ ውስጥ ነው ያቆምኩት። ፒክአፑም የእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ የነህምያ ልጅ ዮዲ ኦገስት 2 አትላንታ ላይ ታገባለች። እማዬ ግን «በስልክ አየዋለሁ» ብላ ቁርጧን ነግራናለች። አውሮፕላን አይሆንልኝም፣ ሆቴል አይሆንልኝም፣ ጉልበቴ፣ ትላለች። ዮዲን እኮ ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት! ልጅቷ በበኩሏ አያቴ ካልመጣች ሰርግ የሚባል ነገር የለም ብላ አልቅሳለች። ስለዚህ እማዬን ከነአልጋዋ ልወስዳት ቆርጫለሁ። መንገዱ የሁለት ቀን ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ንድፍ ነው። ዩቲዩብ ላይ ብዙ አይቻለሁ፤ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ለስድስት ሰው መኝታ ከነቁም ሣጥን ያወጣ አናጢ ግን አላየሁም። እርስዎ ሲያወጡ በልጅነቴ አይቻለሁ። የእማዬ አልጋ፣ ለእኔ ጋደም ማያ፣ ልብስ መስቀያ፣ ትንሽ ማድ ቤት፣ የአሥራ ሁለት ካርቶን ዕቃ ማስቀመጫም ያስፈልገኛል። መጋዙን ለእኔ ይተዉት። ስኩል ባስ የምትነዳ ሴት ድሪል አይከብዳትም።

እጅዎን እስማለሁ።
የእህትዎ ልጅ ዕድላዊት

—

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዕድላዊት፣

የላክሽው ደብዳቤ በደህና ደርሶኛል። አንቺንም እናትሽንም አምላክ ከክፉ ነገር ይጠብቅልኝ።

ጎማ አለው ብለሽ አታስፈራሪኝ። ቤት ቤት ነው፣ ሥርዓቱም አንድ ነው። ፊት ለፊት እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ከኋላ ጓዳ። ስለዚህ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቡፌ ይሁን፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከላይ ባለ መስታወት መዝጊያ፣ ከታች ባለ ሁለት መሳቢያ። እናትሽ ሲኒዎቿን ትደርድርበት። ልብስ መስቀያው ከጎኑ ነው። አልጋውን ከኋላ ግድግዳ ጋር አያይዤ ከፍታውን ሰማንያ አምስት ሳንቲ አድርጌዋለሁ፤ ከሥሩ ጓዳ ይሆናል፣ አሥራ ሁለቱም ካርቶን እዚያ ይገባና ከሰው ዓይን ይርቃል። ሥዕሉ በአራት ወረቀት ተያይዟል። ለአልጋው ባለ አሥራ ስምንት ሚሊ ኮምፔንሳቶ ያዢ፣ ከዚያ የቀጠነ እንዳታመጪ።

ካርቶኖቹ ምን እንደያዙ አልጻፍሽም። ሰርግ የሚሄድ ሰው አሥራ ሁለት ካርቶን ምን ያደርጋል ብዬ ፀደንያን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። የአሜሪካ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ወርክሾፑ ውስጥ ሥራ ስለበዛብኝ መልስ ባዘገይ አትቀየሚኝ።

አጎትሽ መንገሻ

—

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2025

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። በዓሉ እንዴት አለፈ?

እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ ሳስብ ሰንብቼ ነው የዘገየሁት። አምስት ቅዳሜ ሙሉ ስፕሪንግፊልድ እየተመላለስኩ ሠራሁት። ቡፌው ልክ እንደ ሥዕልዎ ወጣ። ወልደአምላክ ሚስቱን ጠርቶ አሳያትና «አየሽ? ሆም ዲፖ እንዲህ ዓይነት አይሸጥም!» ብሎ ራሱ የሠራው ይመስል ተኩራራ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ወልደአምላክ ቤት አስቀምጬ፣ ካርቶኖቹን ጭኜ ልሞክረው ግሪንቤልት ወዳለው የትሬይለር ማደሪያ ወጣሁ። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነት ስጨምር ትሬይለሩ ጭራውን መቁላት ጀመረ። እኔ ወደ ቀኝ ስይዝ እሱ ወደ ግራ ይወጣል፣ ፒክአፑን ኋላውን ይዞ ያወዛውዘዋል። ስኩል ባስ ስነዳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ ጥግ ያዝኩና በሩን ስከፍት የቡፌው መስታወት ወለሉ ላይ ፈስሷል። መሳቢያዎቹ ወጥተው ማዶ ግድግዳ ጋ ነበሩ። ከእማዬ ሲኒዎች የተረፉት ሁለት ናቸው።

የባሰው ከተመለስኩ በኋላ ነው። እማዬ አልጋውን ልሞክረው አለች። በርጩማ አምጥቼ ደግፌያት ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ አልወጣችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ አብረናት ሳቅን። ከዚያ መሳቋን ተወችና «በስልክ አየዋለሁ አላልኩሽም?» አለችኝ።

አይቆጡኝ አጎቴ። ንድፉ ለመንገድ አልሆነም። ቡፌውን ነቅዬዋለሁ።

ዕድላዊት

—

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕድላዊት፣

ጤና ይስጥልኝ።

ቡፌውን ነቀልሽው። እሺ። አርባ ሦስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር የሠራሁት ዕቃ ተመልሶብኝ አያውቅም። አሁን ተመለሰ።

ሦስት ቀን ተቆጥቼ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ግን ንዴቴ በረደና ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ካርቶን ስንት ኪሎ ይመዝናል? ልብስና ስጦታ መኪና አያወዛውዝም። እህቴስ ብትሆን? ካሰች ከእኔ ጋር የቄስ ትምህርት ቤቱን አጥር ትዘል የነበረች ሴት ናት። ሰማንያ አምስት ሳንቲ በበርጩማ ተደግፋ ካልወጣች ነገሩ የጉልበት ብቻ አይደለም። አምስት ወር ሙሉ በፀደንያ ስልክ በቪዲዮ ስትቀርብ ከአንገቷ በታች እንዳላየኋትም ትዝ አለኝ።

የደበቅሽኝ ነገር አለ። እስክትነግሪኝ ድረስ አንድ መስመር አላሰምርም።

መንገሻ

—

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜይ 18 ቀን 2025

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህን ስጽፍልዎ እማዬ አታውቅም። እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች፤ መሐላዬን እያፈረስኩ ነው።

ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። የኩላሊት እጥበቱን ሆስፒታል እየተመላለሰች ማድረግ ስላልፈለገች ቤት ውስጥ ነው የምትታጠበው። ሆዷ ላይ ቱቦ ተገጥሞላታል፤ ማታ ማታ ከአንድ ትንሽ ማሽን ጋር እናያይዘውና እስክትነሳ ድረስ ፈሳሽ እያስገባ ያወጣል። አሥራ ሁለቱ ካርቶን ፈሳሹ ነው። አንዱ አሥራ ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ማሽኑ በደንብ ይሠራል፣ ሐኪሟም መጓዝ ትችያለሽ ብሏታል፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ሰው ካርቶን ተሸክሞልኝ፣ ማሽን አስገብቶልኝ፣ ሰው ቤት ሸክም ሆኜ አልሄድም አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቷ ውጭ አንድ ቀን አላደረችም። ትሬይለሩን የገዛሁት ማንንም ሳታስቸግር ከነቤቷ እንድትሄድ ነው።

«እማዬ ደህና ናት» እያልኩ የጻፍኩልዎ ሁሉ ውሸት ነበር። ራቅ ላለ ዘመድ መጥፎ ወሬ አይነገርም፣ ይደነግጣል፣ ሲባል ነው ያደግኩት። እርስዎን ላለማስደንገጥ ብዬ ግን የተሳሳተ ልኬት ሰጥቼ የተሳሳተ ቤት አሠራሁዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የቡፌው አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።

ሰርጉ አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

ልጅዎ ዕድላዊት

—

ጁን 8

አጎቴ፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ፀደንያ «እየሠራ ነው፣ አትረብሺው» ትለኛለች፣ ምን እየሠሩ እንደሆነ ግን አትነግረኝም። እባክዎን ቁጣም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ዕድላዊት

—

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕድላዊት፣

እግዚአብሔር እህቴን ይማርልኝ፣ አንቺንም ያበርታሽ። ደብዳቤሽን ፀደንያ አሳይታኝ ሳነበው አለቀስኩ። ልጄ ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ካለቀስኩ በኋላ ግን ተነስቼ ጫማዬን አደረግኩ።

የሄድኩት ወንድይራድ ዘንድ ነው። የአይሱዙ የጭነት ሣጥን የሚሠራ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ለቤት ስሠራ እሱ ለመንገድ ሲሠራ ነው የኖርነው። ሥዕሌን አይቶ ሳቀ፣ ከሳቀ በኋላ ንጉሡ ከሚባል ሾፌር ጋር ጋቢና አስገባኝና ሞጆ ድረስ ላከኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጭነት መኪና! ወገቤ እስካሁን አልተስተካከለም። ንጉሡ ሲሚንቶ ሲያስጭን አየሁት። ከባዱን ሁሉ ጎማው ላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት አድርጎ ይከምራል፤ ጭራው ላይ አንድ ከረጢት ቢያስቀምጡበት ይጮኻል። ለምን ብዬ በእጄ ስጠይቀው ወረቀት ላይ «ከኋላ ከከበደ ይቆላል» ብሎ ጻፈልኝ። አንቺ የጻፍሽልኝን ቃል ነው የጻፈው! ጓዳ ከኋላ ነው ብዬ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ቆሞ ለሚኖር ቤት ትክክል ነው፣ ለሚሄድ ቤት ግን ጓዳው ጎማው ላይ ነው።

ሌላም ነገር ተማርኩ። ንጉሡ ብርጭቆና ስኳር የሚያስቀምጥበት የእንጨት ሣጥን አለው። መሳቢያውን ብስበው እምቢ አለኝ። ሳቀብኝና ከፍ አድርጎ ሳበው። የመሳቢያው ሆድ ፊት ለፊት ትንሽ ጥርስ ተቆርጦለት ደፉ ላይ ይቀመጣል፤ ካላነሱት አይወጣም፣ መኪናው ቢገለበጥ እንኳ። አርባ ሦስት ዓመት መሳቢያ ስሠራ ኖሬ እንዲህ ያለ አላሰብኩም።

አዲሱን ንድፍ በሥዕል አልላክሁልሽም። በሙሉ ልኩ ካኪ ወረቀት ላይ ቆርጬ ፎርማውን ጠቅልዬዋለሁ፤ ወደ አንቺ ሰፈር የምትመለስ ሰሊና የምትባል ልጅ ትይዘዋለች። ወረቀቱን ኮምፔንሳቶው ላይ አንጥፊና ዙሪያውን ቁረጪ። ካርቶኖቹ በሁለቱ ጎማ ጉብታዎች መሃል በሁለት ረድፍ ይገባሉ፣ ክዳኑ መቀመጫ ይሆናል፣ አንቺም ትተኚበታለሽ። መዝጊያዎቹ ሁሉ ወደ ላይ የሚከፈቱ ናቸው። መስታወት የለም። ሲኒዎቹ በጨርቅ የተለበጠ ጉድጓድ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፣ ለስድስት አድርጌዋለሁ፤ አራቱን ትተካለሽ። ልብስ መስቀያው አርባ ሳንቲ ብቻ ነው፣ ግን የሀበሻ ቀሚስ ሳይታጠፍ ይቆምበታል። የእህቴ አልጋ እግሮች በወረቀቱ ላይ ረጃጅም ናቸው፤ ሆን ብዬ ነው። ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ትቀመጥና ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ለኪ። እግሮቹን በዚያ ልክ ቁረጪ፣ የፍራሹን ውፍረት መቀነስሽን ግን እንዳትረሺ። የማሽኑ መደርደሪያ ከፍራሹ እኩል ይሁን፣ በክንዷ ርቀት።

የእኔንም ልንገርሽ። ወርክሾፕ የለኝም። ቦታው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ከፈረሰ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ማሽኖቹን ሸጥኩ። ሥራ በዛብኝ ያልኩሽ ጊዜ ፀደንያ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ እያየሁ ነበር። ይህን ፎርማ የቆረጥኩት በወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ፣ በልብስ መቀስ ነው። ስለዚህ አንቺን ለመቆጣት አፍ የለኝም። ለካሰች እንዳታወሪ ልልሽ ነበር፤ ይቅር፣ ንገሪያት። መደባበቁ ይብቃን።

አጎትሽ መንገሻ

—

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጁላይ 6 ቀን 2025

ለምወድዎ አጎቴ፣

ፎርማው ደረሰ! ሰሊና ኤርፖርት ላይ አቀብላኝ «ሰው በርበሬ ያስይዘኛል፣ ሽሮ ያስይዘኛል። ካኪ ወረቀት ግን የእርስዎ አጎት የመጀመሪያው ናቸው» አለችኝ። ፍተሻ ላይ ሁለት ጊዜ አስፈትተዋት እሷም ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች።

ወረቀቱን ትሬይለሩ ወለል ላይ ሳነጥፈው ግራና ቀኝ የጎማ ጉብታዎቹ ጋ ገጠመ። ተንበርክኬ ጠርዙን በጣቴ ተከተልኩት፤ የገባ የለ፣ የወጣ የለ። አይተውት በማያውቁት ነገር! አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነበርኩ። መሳቢያዎቹን ጥርስ ስቆርጥ የመጀመሪያውን አበላሸሁት፣ ሁለተኛው ላይ ገባኝ።

እማዬን ለመለካት ወንበር ላይ አስቀምጬ ሜትር ስዘረጋ «ምነው፣ ሣጥን ልታሠሪልኝ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገርኳት። እንደሚያውቁ፣ ወርክሾፑም እንደፈረሰ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ምን አለ ታዲያ?» አለች። ልኬትሽን ጠየቀ አልኳት። እግሯን ዘረጋችልኝ። አርባ ሦስት ሳንቲ ተኩል።

ትናንት ይዣት ግሪንቤልት ሄድን። ቤልትዌይ ላይ መስተዋቱን እያየሁ ጠበቅኩት። ቀጥ ብሎ ተከተለኝ። በሩን ስከፍት ከስድስቱ ሲኒ አንዱ እንኳ አልተነቃነቀም። ማሽኑን ሰክተን እዚያው አደረች። ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወለል ላይ አሳርፋ፣ መሳቢያውን ከፍ አድርጋ ትስበዋለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች፣ ደግሞ ትስበዋለች። «አትላንታ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አለችኝ።

ዕድላዊት

—

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦገስት 6 ቀን 2025

ለምወድዎና ለምኮራብዎ አጎቴ፣

እንኳን ደስ ያለዎት! ዮዲን ዳርናት፣ ጾሙም ሳይገባ። እህትዎም ሰርጉ ላይ ነበረች።

ከየት ልጀምርልዎ? ኖርዝ ካሮላይና አድረን በሁለተኛው ቀን ነህምያ ደጃፍ ስንደርስ ወንድሜ የታክሲ ረዳት ይመስል እየሮጠ ወጣ፤ አውርደን ተሸክመን እናስገባት ሊል ነው። እማዬ ከትሬይለሩ በር ላይ ሆና «ማንም አይንካኝ፣ እኔ ቤቴ ነኝ። አንተ ግባ» አለችው። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ገባና መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፣ በአሥራ ሁለት ካርቶን ላይ መቀመጡን ግን አላወቀም።

የሰርጉ ዕለት ቀሚሷን ከአርባ ሳንቲው መስቀያ አወጣነው፣ አንድ እጥፋት የለበትም። ዮዲ ከነቬሎዋ ትሬይለሩ ውስጥ ገብታ አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጠችና «ዩ ኬም፣ እማማ፣ ዩ ሪሊ ኬም»፣ መጣሽ፣ እውነትም መጣሽ፣ እያለች ሜካፗን አበላሸችው። እማዬ መሳቢያውን ከፍ አድርጋ ስባ መሐረብ ሰጠቻት። አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃው ሲጀመር ከወንበሯ ተነሳች፤ እግሯን ሳይሆን ትከሻዋን ብቻ አንቀሳቀሰች፣ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ። ድምፄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በነጋታው ትሬይለሩን ሊያይ ሰው ተሰለፈ። እማዬ አስጎብኚ ሆነች። «ከፍ፣ ከዚያ ሳብ። አይደለም፣ መጀመሪያ ከፍ! ወንድሜ ነው የሠራው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ» ትላለች። አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሰውየው እንደ እማዬ ማሽን ላይ ነው፤ ጓዳውን ከፍተው ካርቶኖቹን አዩ። በኋላ ሚስቲቱ ለብቻዬ ጠርታኝ ለእኛም ፎርማ ይቆርጡልናል ወይ አለችኝ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በመኪና ምግብ የምትሸጠው ሄኒም የመደርደሪያዎቿ ነገር ምርር ብሏታል፤ የሁለቱንም ልኬት ወስጄ ይኸው ልኬልዎታለሁ። ጎማው የት ጋ እንደሆነ በቀይ አስምሬበታለሁ። እምቢ ካሉ ይንገሩኝ፣ እምቢ እንደማይሉ ግን አውቃለሁ።

ከታች ያለው የእማዬ እጅ ጽሕፈት ነው። እርሳሱን ከእጄ ነጥቃ ነው የጻፈችው።

«መንጌ፣ እግሬ ወለሉን ይነካል። ካሰች»

—

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕድላዊት፣ ለእህቴም ለካሰች፣

ለሙሽሮቹ የአብርሃምና የሣራን ጋብቻ ያድርግላቸው። ለእናንተም ዕድሜና ጤና።

የላካችሁትን ቪዲዮ ፀደንያ ከፈተችልኝ። አልሰማሁትም፣ መስማትም አላስፈለገኝም። ካሰች መሳቢያውን ከፍ አድርጋ ስትስበው፣ ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ፣ እሷ ጣቷን ወደ ካሜራው ወደ እኔ ስትቀስር አየሁ። ሰባት ጊዜ አስደገምኳት። ስምንተኛው ላይ ፀደንያ ስልኩን ጥላልኝ ወጥ ልትሠራ ሄደች።

የባልና ሚስቱ ፎርማ አልቋል። የሴትየዋ ምግብ መኪና ግን ከባድ ነው፣ የወጥ ድስቶቹን ክብደት አልጻፍሽልኝም። ባዶውን ሳይሆን ሙሉውን መዝኚ። ደግሞ ከእንግዲህ ካርቶን ውስጥ ያለውን ሳይነግረኝ ንድፍ የሚጠይቀኝን ሰው አላስተናግድም፣ ይህን ለሁሉም ንገሪልኝ።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ስለጠበበኝ ለወንድይራድ ነገርኩት። ከግቢው ጥግ ቆርቆሮ ዘርግቶ፣ የሥራ ጠረጴዛ አቁሞ፣ መላጊያና መጋዝ ሰጥቶኛል። ትናንት ሄጄ አየሁት፣ ብርሃኑ በግራ በኩል ይገባል፣ ለእጄ ይመቻል። ፀደንያ ቱታዬን ከሻንጣ አውጥታ አጥባ ተኩሳልኛለች። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ ነገ ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ።

አጎትሽ፣ ወንድምሽ
መንገሻ፣ አናጢ